ዐይን፦ ከምጣድ እስከ ምንጭ

እሷ፦ እንጀራው «ዐይን የለውም» ከተባለ ሊጡ በደንብ አልቦካም ማለት ነው። ባለሙያ እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት ዐይኑን ነው።

እሱ፦ ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ጠባይ ይሆናል፤ ዐይን አፋር አለ፣ ዐይን አውጣ አለ። «ዐይነ ውሃው አላማረኝም» ስንልማ ሰውየውን ገና ሳይናገር ጠረጠርነው።

እሷ፦ እኔን የምትገርመኝ ይህቺው «ዐይነ ውሃ» ናት። በግዕዝ ዐይን ምንጭም ነው። በዕብራይስጥና በዐረብኛም እንደዚያው፤ በሙት ባሕር ዳር ያለችው የመጽሐፍ ቅዱሷ ዓይንጋዲ ስሟን ያገኘችው ከምንጯ ነው።

እሱ፦ የኤምሬትሷ አል ዐይንስ! በበረሃ መካከል ውሃ ስላላት ነው «ምንጩ» የተባለችው። እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችን በየቀኑ የሚጠሩት የእኛኑ ቃል ነው።

እሷ፦ ፊደሉንስ ለምን ትረሳዋለህ? «ዐይኑ ዐ» የምንለው እኮ በከንቱ አይደለም። ከ3,500 ዓመታት በፊት በሲና በረሃ ድንጋይ ላይ ሲቀረጽ የዐይን ሥዕል ነበር። የላቲኑ «ኦ» የመጣው ከዚያው ነው፤ የእኛውም እስከ ዛሬ ክብ ነው።

እሱ፦ ስለዚህ ነው «ዐይን» በአልፋው «አ» ሲጻፍ ቅር የሚለኝ።