ካሜራውን ማን ያዘው?

(በአምቦ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የሆለታ ልጆች፣ ስለ ፊልም ተናገር ስትሉኝ ስለ ቆንጆ ተዋንያን የማወራ መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። የማወራው ስለ ኃይሌ ገሪማ ነው፤ ያውም ብዙ ሰው ስለማያነሳቸው ዘጋቢ ፊልሞቹ።

ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ የቴአትር ሰው ነበሩ። እንዲህ ካለ ቤት የወጣው ልጅ ግን ሲኒማ ቤት ገብቶ ታርዛንን ሲያይ ምን ያደርግ ነበር? አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ታርዛን እንዲጠነቀቅ ይጮህለት ነበር! ይህን ያወራው ራሱ ኃይሌ ነው። አያችሁ? አርበኛ የሚወደስበት ቤት ያደገውን ልጅ እንኳ ባዕድ ካሜራ በራሱ ወገን ላይ አስጩኾታል።

እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገባ። ቺካጎ ቴአትር፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ፊልም ተማረ። ከዚያም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርታት አስተማረ። ሽልማቱን ልለፈው፤ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ መሸለሙ ይበቃል። ለእኔ የሚበልጠው ሌላ ነው። «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። ምን አደረገ? እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት! ሕዝቡም ተሰለፈ።

ወደ ዘጋቢዎቹ ልመለስ። በአሜሪካ ስለታሰሩት አሥሩ የዊልሚንግተን ሰዎች ሠርቷል፤ ስለ ባለቅኔው ስተርሊንግ ብራውንም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከደርግ በኋላ ያለችውን ኢትዮጵያ ለቢቢሲ ቀረጸ። በ1999 «አድዋ»ን አወጣ። እዚያ ፊልም ላይ ሽማግሌ ይናገራል፣ ሥዕል ይናገራል፣ ዘፈን ይናገራል። ሌላ ምን ያድርግ? በ1888 ዓ.ም. የእኛ ሰው ካሜራ አልነበረውም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ፋሺስት ሲመጣ ግን ካሜራ ነበር። የማን? የጣሊያን! የሉቼ ተቋም ወታደሩን ተከትሎ ቀረጸ፤ ፊልሙም ሮም ገባ። የራሳችንን አያቶች ምስል ለማየት የወራሪውን መዝገብ ቤት ደጅ መጥናት አለብን ማለት ነው።

ይህ ነገር ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ጀነራል ጃገማ ኬሎ የዚሁ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ጫካ ገብተው በጅባትና ሜጫ ተዋጉ። በ2009 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸው ጀነራል ናቸውና ታሪካቸው ተጽፏል። አብረዋቸው ስንቅ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ የደበቁት እናቶችስ?

የራሴን ልናገር፤ ያሳፍረኛል ግን ልናገር። የእኔ አያት በጊንጪ በኩል ገጠር ይኖሩ ነበር። እሳት ዳር ሆነው የጅባትን ጫካ ያወሩልን ነበር። ቤታችን ቴፕ ነበር፣ ባዶ ካሴትም ነበር። እኔ በካሴቱ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ሽማግሌው ሲያርፉ ዘፈኑ ቀረ፤ ካሴቱ ዛሬም ቤቴ አለ።

እስቲ አያታችሁ በሕይወት ያሉ እጃችሁን አውጡ። ... ብዙ ናችሁ! ስልክ ያላችሁስ? ... ጥሩ። እንግዲህ ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ የተቀመጥከው ልጅ፣ አንተ ጀምር።