ሀገር ተሰጥቶ ያልተፈታ እንቆቅልሽ፦ መልስ የማይሰጡ ፊልሞች ለምን ይማርኩናል?



ስለ ፊልም የማደርገውን ንግግር በእንቆቅልሽ ልጀምር። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን የምንመልሰው፣ እዚህ ከሚሴ በአፋን ኦሮሞ «ሂቦ» የምንለው ጨዋታ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ አይጠየቅበትም። መላሹ ካቃተው ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው ሀገር ከተሞላቀቀ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ሀገር የሚሰጠው ለመልሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ባህል ያደገ ተመልካች፣ ፊልሙ አልቆ ምስጢሩ ሳይፈታ ቢቀር «ሀገሬን ሰጥቻለሁ፤ መልሴስ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ዛሬ የማነሣውም ይህንኑ ነው። ሀገራችንን ወስደው መልስ የማይሰጡን ፊልሞች ለምን ይስቡናል? ዝምታቸው ተገቢ የሚሆነውስ መቼ ነው?

ቅሬታው አዲስ አይደለም። የጣሊያናዊው ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» እ.ኤ.አ. በ1960 በካን ፌስቲቫል ሲታይ ከተመልካቹ ጩኸትና ፉጨት ገጥሞታል። በፊልሙ አና የምትባል ወጣት በአንዲት ደሴት ላይ ትጠፋለች፤ ትፈለጋለች፤ አትገኝም። ይባስ ብሎ ፈላጊዎቿ ቀስ በቀስ ይረሷታል። ይሁን እንጂ ያው ፊልም ከዚያው ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት ይዞ ተመለሰ። የአውስትራሊያዊው ፒተር ዊር «ፒክኒክ አት ሀንጊንግ ሮክ» (1975) ደግሞ ወደ አንድ ዐለታማ ኮረብታ ለሽርሽር ወጥተው ስለ ጠፉ ተማሪዎች ይተርካል። ፊልሙ የተሠራበት ልቦለድ መልሱን የያዘ የመጨረሻ ምዕራፍ ነበረው፤ ሲታተም ግን ምዕራፉ ወጥቶ ቀረ። ደራሲዋ ካረፈች በኋላ በ1987 ለብቻው ታተመ። ዛሬ መልሱን የሚፈልግ ሁሉ ሊያነበው ይችላል፤ የሰው ልብ ግን አሁንም ያለው መልስ አልባው ፊልም ላይ ነው።

ወደ ራሳችን ሲኒማ ስንመጣ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እናገኛለን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር ከጀርመን ወደ እናቱ መንደር የሚመለሰው አንድ እግሩን አጥቶ ነው፤ እንዴት እንዳጣው ግን አያስታውስም። ትዝታው በሕልምና በብልጭታ እየተቆራረሰ ይመጣል፤ በመጨረሻም የእግሩ ምስጢር ይፈታል። እስከዚህ ድረስ ፊልሙ የእንቆቅልሹን ሕግ አክብሯል። ነገር ግን እግሩ እንዴት እንደ ጠፋ ካወቅን በኋላም አንድ ጥያቄ አብሮን ከአዳራሹ ይወጣል፤ የዚያ ትውልድ ዕውቀትና መሥዋዕትነት ለእናቱ መንደር ምን አተረፈ? ኃይሌ ለዚህ ማብራሪያ አይሰጥም፤ ሊሰጥ ቢሞክርም ባላመንነው ነበር።

ወደ እኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሐረር ያደገችው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለዕይታ የበቃው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዘጋቢ ፊልም ቢሆንም ድባቡ የምስጢር ነው። ጭስ፣ ጉም፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ፣ ዘላለማዊ ሕይወት የሚሰጥ ውኃ ፍለጋን የሚተርክ የሱፊዎች አፈ ታሪክ ይፈራረቁበታል። የሚናገረው ማን እንደሆነ በጽሑፍ አይነገረንም፤ ስለ ጫት ስታቲስቲክስ የሚዘረዝር ባለሙያም አይቀርብም። የፊልሙ አካሄድ የምርቃና አካሄድ ነው። ምርቃናን ለከሚሴ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚያ ድባብ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ስለ መሄድ የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። መሄድ ይሻላል ወይስ መቅረት? ፊልሙ አይፈርድም። ይህን ጥያቄ እኛ በሩቁ አናውቀውም። በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ባቲ የዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞናችን ከተማ ናት፤ ከእርሷ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ የሚወርደው መንገድ ስንቱን ልጅ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ እንደ ሸኘ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ስልኩ የጠፋ ልጅ ያላት እናት የምትኖረው መጨረሻው በሚታወቅ ታሪክ ውስጥ አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉን ፈትቶ የሚያሰናብተን ፊልም የእርሷን ኑሮ አያውቀውም፤ «ፋያ ዳዪ» ግን አጠገቧ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚማርኩን፣ ሳናውቅ የምንኖረውን ኑሮ ሳያፍሩበት ስለሚያሳዩን ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልመልሰውም ይገባል። ያቺ እናት የምትፈልገው ድባብ ሳይሆን መልስ ነው። ልጇን ማን ወሰደው? ማን ገንዘብ ተቀበለ? የት ደረሰ? እነዚህ የሚያውቃቸው ሰው ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሊታወቅ የሚችለውን በጉም ሸፍኖ «ሕይወት ምስጢር ናት» የሚል ፊልም ጥበብን ሳይሆን በደለኛን ያገለግላል።

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው። ፊልሙ የሚያውቀውን ደብቆን ነው፣ ወይስ የማያውቀውን ዐውቃለሁ ከማለት ተቆጥቦ ነው ዝም ያለው? የመጀመሪያው ማታለል ነው፤ ሁለተኛው ታማኝነት ነው። ለመለየትም ፊልሙ ከመልሱ ሌላ የሰጠንን እንመርምር። «ጤዛ» መንደሩን፣ እናቱንና ሐይቁን ሰጥቶናል፤ «ፋያ ዳዪ» የለቃሚዎችን እጅና የወጣቶቹን ፊት ሰጥቶናል። ይህን ሁሉ የሰጠ ፊልም መልሱን ሰስቶ አይነፍገንም። ባዶ ጉም ብቻ የሰጠን ግን ባለዕዳችን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ ካሜራ የምታነሡ ትኖራላችሁ። በዚህ ዞን የምትቀርጹት ታሪክ መጨረሻ ሲያጣ መጨረሻ አትፍጠሩለት። መጨረሻ ካለው ደግሞ ለውበት ብላችሁ አትደብቁት።