“በሬውን አትረዱብኝ” ያሉት አያታችን

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር



በዚህ መድረክ ላይ ሁልጊዜ የማነብላችሁ ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን “ስለ አንድ ሰው ንገሪን” ስላሉኝ፣ ባለፈው ዓመት ስለተለዩን የእናቴ አባት እናገራለሁ። እኛ የልጅ ልጆቻቸው “አባባ” እንላቸው ነበር፤ አሁንም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

አባባ የተወለዱት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የደጋ ቀበሌ ነው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ “ጣሊያን ሲወጣ የጥጃ እረኛ ነበርኩ” ይሉ ነበር። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነውና፣ ሲያርፉ ወደ ዘጠና ገደማ ደርሰው ነበር ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ወሎ ያየችውን ሁሉ አይተዋል። የ1966ቱን ረሃብ አልፈዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ጎልማሳ ገበሬ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው ከነቤተሰቡ በሰፈራ ወደ መተከል ሲሄድ፣ እሳቸው “አንዳችን እንኳ የአባታችንን ቀዬ እንጠብቅ” ብለው ቀሩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አይናገሩም። ብቻ እንጀራ ተቆርሶ መሬት ላይ ሲወድቅ ካዩ አንስተው፣ ሳም አድርገው ይበሉት ነበር።

ፊደል የቆጠሩት ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከገዛ ልጆቻቸው ጋር አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ማንበብና መጻፍ እንደቻሉ የሰፈሩ ቅሬ ገንዘብ ያዥ አደረጋቸው። ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እዚህ ወሎ ቅሬ የምንለው እናንተ ዕድር የምትሉትን ነው። በእኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይቀብረዋል። አባባ የቅሬውን ሂሳብ የያዙበት ባለ መስመር ደብተር ነበራቸው። በግራ “ገባ”፣ በቀኝ “ወጣ” ብለው ይጽፋሉ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ስማር፣ መምህራችን የመጀመሪያውን ቀን ሰሌዳው ላይ ያሰመሩት መስመር አዲስ አልሆነብኝም። የአባባን ደብተር አውቀው ነበራ።

እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ እሱም የአባት አባት ነው። የእናት አባት ስም የትም አይገባም። በእኔ መታወቂያ ላይ የአባባ ስም የለም፤ በእናቴ መታወቂያ ላይ አለ፣ ከእሷ በኋላ ግን በእኛ በኩል ይቀራል። እንዲህ ያለ የተወደደ አባት በሴት ልጆቹ በኩል በምን ይታወሳል? መልሱን ያገኘሁት እሳቸው ራሳቸው ሠርተውት ከሄዱት ሥራ ነው።

አባባ አራት ልጆች አሏቸው፤ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ወንዶቹ ጎጆ ሲወጡ ከመሬታቸው ቆርሰው ሰጥተዋቸዋል። ሴቶቹ ሲዳሩ ያገኙት አንዳንድ ጊደርና ጥቂት በግ ነው፤ ሴት መሬቷ ባሏ ዘንድ ነው ይባላልና። ትንሿ አክስቴ ግን ትዳሯ ፈርሶ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ አባባን ያጠበች፣ ያበላች፣ ሌሊት እየተነሳች ውሃ ያቀረበች እሷ ናት። በቤቱ የቀረው አራት ጥማድ መሬትና ሁለት በሬ ነበር።

አባባ ሕመሙ ሲጠናባቸው ሽማግሌ አስጠሩ። ሁለት የቅሬው ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ መጡ። የቀረው መሬት ለአክስቴ እንዲሆን ተናዘዙ፤ ምክንያቱንም አስጻፉ፦ “ወንዶቹ ድርሻቸውን ወስደዋል፤ ትልቋ ልጄ ከተማ ናት፣ ፈቅዳለች፤ ይቺ ግን መውደቂያ የላትም።” ጽሑፉ በእሳቸውና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ መነበቡና ቀኑም ተጻፈበት፤ ሁሉም እዚያው ፈረሙ። ይህን በዝርዝር የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል።

አባባ ካረፉ በኋላ የአርባው ተዝካር ሲቃረብ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ታላቁ አጎቴ “አንዱ በሬ ይታረድ” አለ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። “አባቴን እንደ ድሀ በባዶ ቤት አላስበውም፤ አገር ምን ይለናል?” ነው ያለው። መሬቱም ቢሆን “ወንድ እያለ እንዴት በሴት እጅ ይሆናል” የሚል ቅሬታ ነበረው። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እኔን “አንቺ ሂሳብ ታውቂያለሽ፣ ወጪውን አስይልን” አሉኝ።

አሰላሁላቸው። የድግሱን ወጪ ብቻ ሳይሆን፣ በሬው ቢታረድ አክስቴ ላይ የሚመጣውንም አሰላሁ። እናንተም እንደምታውቁት በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። አንድ በሬ ከታረደ ጥማዱ ይፈርሳል። በሬ የሌላት ሴት ደግሞ መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። ያ አራት ጥማድ ደኅና ዘመን ሲሆን 15 ኩንታል ገብስ ይሰጣል። የእኩል ቢሰጥ የእሷ ሰባት ኩንታል ተኩል ነው። ጥማዱ የራሷ ከሆነና ሲሶ ተቀብሎ የሚያርስላት ሰው ካገኘች ግን፣ አራሹ አምስት ይወስዳል፣ ለእሷ አስር ይቀራል። ልዩነቱ በየዓመቱ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። በአንድ ቀን የሚበላው ሥጋ የሁለት ልጆችን የወራት ቀለብ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ከቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ የአባባን ደብተር አወጡ። አባባ ሊሞቱ ሲሉ ለቅሬው አስረክበውት ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ በ“ወጣ” መስመር በራሳቸው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ “በሬውን አትረዱብኝ። ለእዝነኛው ንፍሮ ይበቃዋል። ልጄ ትረስበት።”

ቤቱ ጸጥ አለ። ተዝካሩ በንፍሮ፣ በዳቦና በጠላ ተደረገ፤ ቅሬውም አገዘን። በኑዛዜው መሠረት መሬቱ ለአክስቴ ተላለፈ፤ ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ያለው የእሷ ፎቶና የእሷ ስም ነው። ከአጎቴ ጋር ያለው ነገር ገና ሙሉ በሙሉ አልበረደም። ዘንድሮ ግን በሰኔ ሳትጠይቀው ልጁን ለእርሻ ላከላት።

እንግዲህ አባባ በሴት ልጆቻቸው በኩል በምን ይታወሳሉ ላልኩት፣ መልሱ ይህ ነው። ስማቸው በእኛ መታወቂያ ላይ ባይኖርም፣ በአክስቴ ደብተርና በልጆቿ ጎተራ ውስጥ አለ። ተዝካር ማድረግ ነውር ነው አላልኩም፤ ሙታንን ማሰብ ሃይማኖታችንም ባህላችንም ነው። የምለው፣ ሟቹ ያኖረውን አፍርሶ ሟቹን ማክበር አይቻልም ነው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም የመሬት ይዞታን በኑዛዜ ማስተላለፍን ይፈቅዳል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ አባት ዝም ብሎ ከሞተ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር ለመጣላት ትፈራለች፤ ወንድሟን እንዳታጣ መብቷን ትተዋለች። ከዚህ ጭንቅ የሚያወጣት አባቷ በሕይወት ሳለ፣ በሰው ፊት የተናገረው ቃል ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እያንዳንዳችን ቤት አንድ አባባ ወይም አንዲት እማማ አሉ። እስከ ሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ አንድ ደብተር ገዝተን ከእነሱ ጋር እንቀመጥ። የት እንደተወለዱ፣ ምን እንዳለፉ፣ ከማን እንደሚዛመዱ እስከ ሰባት ቤት፣ በሴቱም በወንዱም በኩል እንጻፍ። ያለባቸውን ዕዳ፣ ያላቸውን ከብትና መሬት እንመዝግብ። ቡና አፍልተን፣ ልባቸው ደስ ባለው ሰዓት “ለሴት ልጅዎ ምን አሰቡ?” ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ሊናዘዙ ከፈለጉ ቀበሌ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ እናማክር፣ አራት ምስክር እንጥራ። መጻፍ ለማትችሉ አባላት እኔና ሌሎች የተማሩ እህቶች ቅዳሜ ከሰዓት በማኅበሩ ቢሮ እንጽፍላችኋለን። ክፍያ የለውም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ለዚህ ሥራ ደብተርና እስክርቢቶ ብቻ ነው። ሌላው እኛ ዘንድ አለ።

አባባን አፈር አይክበዳቸው። እናንተንም በሕይወት ያሉትን አባቶቻችሁን እግዚአብሔርም አላህም ይጠብቅላችሁ።