«ምንም የለብህም» ከማለታችን በፊት፦ በወጣቶች ላይ የሚሸሸግ የደም ግፊት



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ የ27 ዓመት ወጣት ራስ ምታት ይዞት መጣ። የደም ግፊቱን ስለካው 134 በ86 ሆነ። «ወጣት ነህ፤ ምንም የለብህም» ብዬ አሰናበትሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ በሽንቱ ፕሮቲን ይታይ ነበር፤ የልቡ የግራ ክፍል ግድግዳም ወፍሮ ነበር። በምርመራ ክፍሉ የተለካው ግፊት ግን አሁንም ከ140 በ90 በታች ነበር። ምሥጢሩ የተገለጠው የ24 ሰዓት መለኪያ በክንዱ ላይ አስረን ወደ ቤቱ በላክነው ጊዜ ነው፤ አማካዩ 146 በ93 ሆኖ ተገኘ።

በሐኪም ፊት ብቻ የሚጨምረውን «የነጭ ጋዎን ግፊት» ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቶማስ ፒከሪንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 «ማስክድ ሃይፐርቴንሽን» የሚል ስያሜ አቀረቡለት፤ እኔ የተሸሸገ የደም ግፊት እለዋለሁ። በጤና ተቋም ከ140 በ90 በታች የሆነ ልኬት በቤት 135 በ85፣ ወይም በ24 ሰዓት አማካይ 130 በ80 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ማለት ነው።

ወጣቶችን በዚህ ረገድ በቀላሉ እናልፋቸዋለን። አንድ ወጣት ጠዋት ተራውን ጠብቆ፣ አርፎ ተቀምጦ ይለካል። ሲጋራ የሚያጨሰው፣ ጫት የሚቅመው፣ ከሥራው ጋር የሚታገለው ግን ከእኛ ከተለየ በኋላ ነው። ሲጋራም ሆነ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋሉ፤ እኛ የምንለካው ደግሞ ከዚያ ውጭ ባለው ሰዓት ነው።

ታዲያ ማንን እንጠርጥር? በክፍላችን ከ130 እስከ 139 በ85 እስከ 89 የሚለካውን፣ የሚያጨሰውን፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትን፣ ልቡ ያለምክንያት የወፈረውን።

የ24 ሰዓት መለኪያ በሌለበት ክንድ ላይ የሚታሰር የቤት መለኪያ ብዙ ይረዳል። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር፤ አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ጀርባ ይደገፍ፤ እግር መሬት ይንካ፤ ክንድ በልብ ትይዩ ይሁን። ለሰባት ቀናት ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ፣ የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀረው አማካይ ይወሰዳል። ይህ ዘዴ ግን ሌሊቱንና የሥራ ሰዓቱን አያይም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ከበረታ በአንድ ጥሩ አማካይ ብቻ አንዘናጋ።

ግፊቱ ከተረጋገጠ በኋላም ሥራችን አያበቃም። በወጣት ላይ ኩላሊትን፣ የኩላሊት ደም ቅዳን፣ አድሬናል ዕጢን መመርመር ይገባል። ለተሸሸገው ግፊት መድኃኒት መቼ ይጀመር የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ ጨውን መቀነስ፣ ሲጋራና ጫትን መተው ግን ክርክር አያሻውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ያን ወጣት ዛሬ ባገኘው «ምንም የለብህም» አልለውም። «ግፊትህ በዚህች ሰዓት፣ በዚህ ወንበር ላይ ይህ ነው፤ የቀረውን ሰዓት አብረን እንወቅ» እለዋለሁ።