ሊጡም ብድሩም እንዳይበላሽ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በመዝገባችን «የተበላሸ ሊጥ» ተብላ ስለተጻፈች አንዲት መስመር ነው።

እንደምታውቁት በብድር በገዛነው ዲፕ ፍሪዘር ለሆሳዕና ካፌዎች የፒዛ ሊጥ ማቅረብ ጀምረናል። በጾም ወቅት የጾም ፒዛ ፈላጊው ስለሚበዛ አስቀድመን አቡክተን እናስቀምጣለን። በመጀመሪያው ወር ግን ሊጡን በሳፋ ሙሉ አስገባነው። ዳር ዳሩ በረዶ ሲሆን መሐሉ ገና ይቦካ ነበር። ቶሎ ይቅለጥ ብለን ምድጃ አጠገብ አስጠጋነው፤ የተረፈውንም መልሰን አስገባነው። ሁለተኛ ሲቀልጥ ሊጡ ኩፍ አልል አለ። ሁሉንም ደፋነው። የዚያ ወር የብድር ክፍያ ከየቁጠባችን ተዋጥቶ ተከፈለ።

ያን ጊዜ አንዲት እናታችን፣ «ልጆቼ፣ ዋሳ እንዲህ ነው የሚቀመጠው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በሐዲያም በከምባታም እናቶቻችን የተፋቀውን እንሰት በኮባ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ያኖራሉ፤ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ አየር አያስገቡበትም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የስንዴ ሊጥ ብርድ ይፈልጋል እንጂ ጥንቃቄው ያው ነው።

አሁን ሊጡን ለአንድ ፒዛ በሚበቃ መጠን፣ በ250 ግራም እንከፍላለን። ዘይት ቀብተን፣ ለየብቻ በፌስታል አጥብቀን ጠቅልለን፣ ቀኑን እንጽፍበታለን። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እርሾው ይተኛል፤ እየቆየ ግን ከፊሉ ስለሚሞት ከአንድ ወር አናሳልፈውም። ለማቅለጥ ማታ ወደ ተራው ፍሪጅ እናዛውረዋለን። ጠዋት አውጥተን፣ ሸፍነን፣ ሁለት ሰዓት ያህል እናቆየዋለን፤ በብርድ ቀን ከዚያም በላይ ይፈልጋል። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አንከፍትም። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውኃ በያዙ ሃይላንዶች እንሞላዋለን። ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ እስከ አፋቸው አንሞላቸውም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ያችን መስመር በ«ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ መሸሸግ እንችል ነበር። አልሸሸግናትም፤ ምክንያቱም በዱራሜ ያሉ እህቶቻችን ለተመሳሳይ ሥራ ብድር ጠይቀዋል። ፍሪዘሩን ብቻ ብንሰጣቸው ኪሳራችንን አብረን መስጠታችን ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲወስንልን እንጠይቃለን፦ ተበዳሪዎች ከፍሪዘሩ በፊት ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር እያቦኩና እያቀለጡ ይማሩ፤ የመጀመሪያው ክፍያም ሥራው ከተጀመረ ከሁለት ወር በኋላ ይሁን። ሊጥ እንኳ ኩፍ የሚለው ጊዜ ሲሰጡት ነው።