ምርቃቱ ከማን ኪስ ይወጣል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ በበርገርና በእርጥብ ሥራ የተሰማራች አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ዋጋ አወጣጥ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ አንድ እንቁላልና ስለ አንድ ቁራጭ ቺዝ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ቤቴን ልዘጋ ደርሼ ነበር።

ከማኅበራችን ተዘዋዋሪ ብድር ወስጄ በርገር ቤቴን ስከፍት ደንበኛ ቶሎ ለመደኝ። “እህቴ፣ እንቁላል ጣል አድርጊበት” ሲሉኝ አደርጋለሁ። “ቺዟን ደብል አድርጊያት” ሲሉኝም እሺ ነው። ገበያ ወጥተን ሽንኩርት ስንገዛ “መርቂልኝ እንጂ” እንል የለ? እኔም እንደዚያው ምርቃት መስሎኝ ነበር። ደግሞስ ሰው አፉን ከፍቶ የጠየቀኝን “ይህ በገንዘብ ነው” ማለት ነውር ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ አይገኝም። በአራተኛው ወር ግን የብድሬን 3,500 ብር መክፈል አቃተኝ።

በወሩ ስብሰባ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ገንዘብ ያዣችን ጠጋ ብለው “ልጄ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ብር ከጠፋ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ፤ ደብተርሽን ይዘሽ ነገ ቤት ነይ” አሉኝ። እኔ እቴ፣ ምን ደብተር አለኝ! በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። ቡና እየጠጣን አንዱን በርገር በወረቀት ላይ ፈታነው።

ያን ጊዜ የምሸጠው በ180 ብር ነበር። ሥጋው፣ ዳቦው፣ ሰላጣና ቲማቲሙ፣ ዘይቱና መጠቅለያው 90 ብር ይፈጃል። ኪራይ፣ መብራትና የረዳቴ ደመወዝ ለእያንዳንዱ በርገር ሲካፈል 55 ብር ይደርሳል። የሚተርፈኝ 35 ብር ነው። እንቁላሉን በ18 ብር፣ ቺዙን ቁራጩን በ22 ብር ነበር የምገዛው። ሁለቱንም ስመርቅ 40 ብር ወጣ። ያ ደንበኛ ጠግቦ፣ አመስግኖኝ ሲሄድ እኔ 5 ብር ከስሬ ቀርቻለሁ።

በቀን 15 ያህል ሰው ጭማሪ ይጠይቀኝ ነበር፤ አንዱ እንቁላል፣ ሌላው ቺዝ። ለእያንዳንዱ 20 ብር ብንይዝ በቀን 300 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 7,800 ብር ማለት ነው። ከወር ክፍያዬ ከእጥፍ በላይ! ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። ከእናንተ የተበደርኩትን ብር፣ ለእናንተ ሳልመልስ፣ ለመንገደኛ እየመረቅሁ ነበር።

“ለአንድ ቁራጭ ቺዝ ይህን ያህል?” የምትሉ ካላችሁ፣ ትልልቆቹ እንዴት እንደሚያዩት ልንገራችሁ። ማክዶናልድ በአሜሪካ ሁሉም ነገር በአንድ ዶላር የሚሸጥበት ሜኑ ነበረው። በዚያ ውስጥ ሁለት ሥጋና ሁለት ቁራጭ ቺዝ ያለው ደብል ቺዝበርገር ይገኝ ነበር። የዕቃ ዋጋ ሲንር፣ በአንድ ዶላር መሸጡ የቅርንጫፍ ባለቤቶችን አላዋጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ኩባንያው እሱን ከአንድ ዶላሩ ሜኑ አውጥቶ ዋጋውን ጨመረና በቦታው ማክደብል የሚባለውን ተካ። ልዩነታቸው ምን ይመስላችኋል? ማክደብል ቺዙ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሀብት ያለው ድርጅት አንዷን ቁራጭ ቆጥሯታል። እኔ በብድር የቆምኩት ግን አልቆጠርኳትም።

የፈጣን ምግብ ቤቶች አሠራር ባጭሩ እንዲህ ነው። ዋናው ምግብ ደንበኛን የሚጠራ ነውና ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ ሰው ከጎረቤት ቤት ጋር የሚያወዳድረው እሱን ነው። ትርፉን የሚፈልጉት ከለስላሳው፣ ከችፕሱና ከጭማሪው ላይ ነው። ቺዝ የሚጨመርበትን ዋጋ ሰው ከቤት ቤት እየዞረ አያወዳድርም። ለመብላት ከወሰነ በኋላ ትንሽ ብር መጨመር አይከብደውም።

ይህን ግን በክፋት የሚሠሩበትም አሉ። የራሴን ከመክፈቴ በፊት ተቀጥሬ የሠራሁበት አንድ ቤት “ቺዝ ይሁንልዎት?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውን ግን አታንሱ ይለን ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። ስጠይቀው፣ ልጆቹ “አዎ! አዎ!” አሉ። ሒሳቡ ሲመጣ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ለራሱ ያዘዘውን ለስላሳ ወደ እኔ መለሰው። ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ምናልባትም በራሴ ቤት ጭማሪውን ሁሉ በነጻ ስሰጥ የኖርኩት ያን አባት እየካስኩ ይሆናል። ግን ያጠፋነው ማስከፈላችን አልነበረም፤ ሳንናገር ማስከፈላችን ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት የበርገሩን ዋጋ ለሁሉም 210 ብር ማድረግ ነበር። ስህተት ነበር። ባዶውን የሚበሉት ተማሪዎች እንቁላልና ቺዝ ለሚያስጨምረው ሰው ይከፍሉ ጀመር፤ ስለዚህም ቀስ በቀስ ቀሩ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ 180 ብር መለስኩትና ጭማሪውን ለብቻው አወጣሁ። እንቁላል 30፣ ቺዝ 35 ብር። ለምን በገዛሁበት አልሸጥኩም? እንቁላል ይሰበራል፤ ቺዝ ከተከፈተ ይበላሻል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምማ ከነጭራሹ፣ የሚጠይቀው ሰው ያንሳል። መጥበሻውም ጊዜ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት።

ዋጋውን በትልቁ ጽፌ ከመስኮቱ በላይ ሰቀልኩት። ረዳቴንም “ቺዝ ይጨመር? 35 ብር ነው” ብላ እንድትጠይቅ አስተማርኳት። አንዳንዱ አኮረፈ፤ “ተለወጥሽ” ያለኝም አለ። አብዛኛው ግን ሰሌዳውን አይቶ መርጦ ይበላል። የቀረብኝን ክፍያ በሦስት ወር ውስጥ ጨርሻለሁ፤ ያ ብር ዛሬ በሌላ እህታችን እጅ ሆኖ እየሠራ ነው።

ምርቃት ቀረ ወይ? አልቀረም። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ማንኪያ ዳጣ በነጻ እሰጣለሁ። ሁለት ብር ታወጣለች፤ ደብተሬ ላይ ተጽፋለች። ምርቃት የሚያምረው ከራስ ላይ ሲሆን ነው፤ ከብድር ላይ ሲሆን ግን የሌላ እህት ተራ መውሰድ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እንጀራ የምትሸጡም፣ ሻይ የምታፈሉም፣ ሳምቡሳ የምትጠብሱም፣ ከምትሸጡት አንዱን ብቻ መርጣችሁ ወጪውን በወረቀት ፍቱና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። መጻፍ ያስቸገራት ካለች እኔ ዘንድ ትምጣ፤ ቡናው ከእኔ ነው። እሱም ደብተሬ ላይ ይገባል።