ልጆቻችን ፊደል ሲጽፉ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው የቦይ ወይም የመዋጮ ጉዳይ ሳይሆን የሕፃናቶቻችንን እጅ ነው። እንደሚታወቀው ብዙዎቹ ልጆች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደ ውሃ ያወርዱታል። ከመካከል አንዱን ጠቁመን «ይኼስ ማነው?» ስንላቸው ግን ዝም። ጻፉ ሲባሉማ ጭራሽ። የያዙት ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። የድሮዎቹ የኔታዎች ይህንን ስለሚያውቁ ፊደል የቆጠረውን ልጅ አቡጊዳ ያስገቡታል፤ ተራው ሲዘበራረቅበት በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል።

33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ለ5 ዓመት ልጅ ይኼ ተራራ ነው። ቢሆንም መላ አለው። «በ»ን የጻፈ ልጅ በቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ጭረት ቢጨምር «ቡ»፣ ጭረቷን ወደ ታች ቢያወርድ «ቢ»፣ እዚያው ታች ቀለበት ቢያስር «ቤ» ትሆንለታለች። ይህንኑ በ«ለ»፣ በ«ሰ»ና በ«ከ» ይሞክረው። እነ «ረ»ና «ፈ» ከደንቡ ወጣ ስለሚሉ ለኋላ ይቆዩ።

እርሳስ ለማስያዝ አንቸኩል። ሰፌድ ላይ ዱቄት ነስንሶ በጣት ማጻፍ ይቻላል፤ ዱቄቱ እንደሆነ ተመልሶ ይቦካል። ሊጥ ማድቦልቦልም ጣትን ያጠነክራል። አንዲት እናት እንዳጫወቱን የ4 ዓመት ልጃቸው 3 ገጽ ሙሉ «ሀ» እንዲጽፍ ታዞ፣ እንቅልፍ ሲጥለው እህቱ ጨርሳለታለች። ማነው እንግዲህ የተማረው? ግማሽ ገጽ በራሱ እጅ ቢጽፍ ይሻለው ነበር።

ሌላው የግራኝ ልጆች ነገር ነው። እጃቸው ሲመታና ሲታሰር እናያለን። የማዕዱን ሥርዓት ማስተማር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሳሱን ግን እባካችሁ ተዉለት። ደብተሩን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሉለት እንጂ ልጁን አትምቱት። የተመታ ልጅ ደብተር ባየ ቁጥር ይሸሻል።

ፊደል ያልቆጠራችሁ ወላጆችም «እኛ ምን እናውቃለን» አትበሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስንቱ አባትና እናት በጉልምስናው ነው ጠመኔ የጨበጠው። ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ተቀመጡ።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ሰሌዳና ጠመኔ ከማኅበሩ ነው፤ ሰፌድ ከየቤታችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ